ታክስ ከላክን በኋላስ?

የዴንቨርና የኦሮራ አድማጮቻችን፣ ታክስዎን አሠርተው ላኩ? እንግዲያው ጥቂት ነገር ይቀራል።

ከሠራልዎት ሰው ሙሉ ኮፒውን ይቀበሉ፤ ከደመወዝ መግለጫዎ (ደብልዩ-ቱ) ጋር ቢያንስ 4 ዓመት ያስቀምጡት።

ተመላሽ ገንዘብ ካለዎት ሁለት ቦታ ይከታተሉ፦ የፌዴራሉን በፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት (አይ.አር.ኤስ) ድረ ገጽ፣ የኮሎራዶውን በግዛቲቱ የታክስ ድረ ገጽ በ«ሬቨኒው ኦንላይን»። በኢንተርኔት የተላከው የፌዴራል ታክስ ከ24 ሰዓት በኋላ ይታያል፤ አብዛኛው ተመላሽም በ21 ቀን ውስጥ ይለቀቃል። ሲጠይቁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎንና ትክክለኛውን የተመላሽ መጠን ይያዙ።

ቤት ከቀየሩ አድራሻዎን ያሳውቁ፤ አይ.አር.ኤስ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጽፍልዎት በፖስታ ነው። ደውሎ «የስጦታ ካርድ ገዝተህ ክፈል» የሚል ግን ሌባ ነው፤ ስልኩን ይዝጉበት። ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ እንግሊዝኛው ቢከብድዎት እንኳ ሳያስነብቡ አይጣሉት።