ስለ አጥር ሠሪው ሙያ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ሐኪም ወይም ስለ መሐንዲስ ይነገራል እንጂ ስለ አጥር ሠሪ ሲነገር አልሰማንም። እኛ ግን ስለ እርሱ ለመናገር የተነሣነው ዕዳ ስላለብን ነው። በጓሮ በኩል የነበረውን አጥር ቆርቆሮውን ገልብጠን መሹለኪያ ያወጣንበት እኛው ነን። አምና ይህንኑ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ የልደታ ሰው በተጠሩ ጊዜ፣ እኛም ስለ ቅጣታችን ሦስት ቀን ረዳታቸው እንድንሆን ታዘዝን።

አጥር ማጠር ማለት እንጨት አቁሞ ቆርቆሮ መምታት ይመስለን ነበር። ሽማግሌው ግን በመጀመሪያው ቀን አንድ ምስማር እንኳ አልመቱም። ጠዋት ችካል ተክለው ሲባጎ ዘረጉ፤ ከዚያም ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤት ካልመጡ አልቆፍርም ብለው ተቀመጡ። ጎረቤቲቱ እማማ ከገበያ ተመልሰው፣ በሲባጎው ላይ ከዳር እስከ ዳር ተመላልሰው፣ «ይሁን» እስኪሉ ድረስ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ነገሩ ገርሞን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ አንድ ክንድ መሬት ስንቱን ወንድማማች እንዳቆራረጠ እዚሁ ልደታ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ» አሉን።

በማግሥቱ ቁፋሮ ሆነ። ለ2 ሜትር አጥር 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ አስቆፈሩን፤ እጃችን ውኃ ቋጠረ። ቋሚው ባሕር ዛፍ ነው፤ ተልጦ መድረቅ አለበት። ልጡ ከቀረበት ተባይ ይገባበታል፤ እርጥቡ ከተተከለ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተርና ምስማሩ ይላላል። መሬት ውስጥ የሚገባውን ጫፍ፣ ምስጥ እንዳይበላው፣ እሳት ያስነኩታል ወይም ከጋራዥ የተገኘ የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል። ጉድጓዱ ሲሞላም ድንጋይና አፈር እያፈራረቁ ይደቁሱታል። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ አፈር የተመለሰበት ቋሚ ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት እንደ ሰካራም ያዘማል። ሽማግሌው ቋሚውን ሁሉ በትከሻቸው እየገፉ ይፈትኑ ነበር። ከእኛ ሥራ ሦስቱን አስነቅለው እንደ ገና አስተከሉን።

ቆርቆሮ የተመታው በሦስተኛው ቀን ነው። 28 ቁጥር ከ32 ቁጥር ይወፍራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። እኛ በእጃችን የገለበጥነው 32 ቁጥር ኖሯል። እኛ ጉልበታችን ይመስለን ነበር! የቆርቆሮው ታች አፈር ከነካ ይዝጋል፤ ስለዚህ አንድ ስንዝር ከፍ ተደርጎ ከሥሩ ድንጋይ ይደረደራል። አንዱ በሌላው ላይ የሚደረበውም ነፋስ ከሚመጣበት በኩል ነው፤ አለዚያ ነፋሱ ጠርዙን ይዞ ይገልጠዋል። ከማገሩ ጀርባ ያለፈው የምስማር ጫፍ በመዶሻ ይቆለመማል፤ ሌባም እንደ እኛ ያለ ተማሪም በቀላሉ አይነቅለውም።

በዕረፍት ሰዓት ስለ ሰፈሩ አጫወቱን። አባታቸውም አጥር ሠሪ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን ብዙው አጥር የቅንጭብ፣ የቁልቋልና የእሾህ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ፣ አንድ ቤተ ሰብ በነበረበት ቅጥር ውስጥ ብዙ ቤተ ሰብ ገባ። ያን ጊዜ የአጥር ጥገና ገንዘብ የሚዋጣው በየቤቱ እየተዞረ ነበር፤ ሽማግሌውም ከሚሠሩበት ይልቅ የሚያስማሙበት ጊዜ ይበዛ ነበር። በኋላም በልደታ አሮጌው ሰፈር በሰፊው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተሠራበት። በአራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው አጥር ሠሪ አይጠራም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በየመንገዱ ዳር ብዙ አጥር ተነሥቷል። ልጃቸው ብየዳ ተምሮ የብረት አጥር ይሠራል፤ ከአባቱ ይልቅ ገቢ አለው። «ሲባጎ ሲዘረጋ ግን ጎረቤት አይጠራም፤ ካርታውን ብቻ ያያል» አሉን።

ከመካከላችን አንዳንዶች ካርታ ካለ ጎረቤት ለምን ይጠራል ብለው ተከራከሩ። እኛ ግን፣ ከእማማ ጋር ለብዙ ጊዜ ሰላምታ እንኳ ያልነበረን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በስማችን ይጠሩናል። ኳሳችን ከአጥሩ ማዶ ሲወድቅም ይመልሱልናል፤ ቀድሞ ይወስዱብን ነበር።

ሽማግሌው ሊሄዱ ሲሉ ከመሬት የለቀምነውን የተጣመመ ምስማር በጣሳ ሰጠናቸው። ቁጭ ብለው አንድ ባንድ በድንጋይ ላይ አቃኑት። መሹለኪያችን በነበረበት ቦታ ሁለት ቋሚ አቀራርበው ተክለዋል፤ ከመጻሕፍት ቤቱ ጀርባ ነው፤ ስትወጡ በትከሻችሁ ገፍታችሁ እዩት።