ሙዝ በብርድ ወራት፦ ቅጠሉን ቁጠሩ፣ ውሃና ዩሪያውን መጥኑ



የዛሬው ትምህርታችን ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሙዝ እድገት ለምን እንደሚገታና በማሳችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይመለከታል።

ሙዝ ሙቀት ወዳድ ተክል ነው። በጣም የሚስማማው 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከ16 ዲግሪ በታች እድገቱ በእጅጉ ይዘገያል፤ ወደ 13 ሲወርድ ቆመ ማለት ይቻላል። ውርጭ ከመታው ቅጠሉ ይቃጠላል። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር፣ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በባሕር ዳር የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ የአርባ ምንጭን አሠራር እንዳለ መቅዳት አያዋጣም።

ከመሬት በላይ ግንድ የምንለው ተጠቅልሎ የቆመ የቅጠል እግር ነው። እውነተኛው ግንድ አፈር ውስጥ ነው፤ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው እምቡጥም እስከ ማበቢያው ድረስ እዚያው ይቆያል። በመሆኑም ቀኑ ቢሞቅም አፈሩ ከቀዘቀዘ ሥሩ ውሃና ምግብ መሳብ ይቀንሳል።

ዘለላውም ለዓይን ከመታየቱ ከወራት በፊት ውስጥ ለውስጥ ይፈጠራል። በብርድ የተፈጠረ ዘለላ በበልግ ሲወጣ ትንሽ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያዝያን ድርቀት ይወቅሳል፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ የደረሰው በታኅሣሥ ነው።

ስለዚህ፦

1. በየወሩ መጀመሪያ በአዲሱ ቅጠል ላይ ክር እሰሩ። በሙቀት ወራት በወር ከ3 እስከ 4 ቅጠል ይወጣል። ወደ 1 ከወረደ ተክሉ በርዶታል።
2. በዚህ ጊዜ ዩሪያ አትጨምሩ። ሥሩ ስለማይስበው በመስኖ ታጥቦ ገንዘባችሁ ይባክናል። ቅጠሉ መፍጠን ሲጀምር ከፋፍላችሁ ስጡ።
3. መስኖን በልማድ አታጠጡ። አፈሩን በእጃችሁ ቆፍራችሁ እዩ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ውሃ የተኛበት ቀዝቃዛ አፈር ሥር ያበሰብሳል።
4. ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ጎድጓዳ ቦታ ይወርዳል፤ አዲስ ማሳ በተዳፋት ላይ ምረጡ። ተከላውን ዝናብ እንደጀመረ፣ አፈሩ ሳይቀዘቅዝ አከናውኑ።

ጎረቤት ከምንነግረው ይልቅ የእናንተን ማሳ አይቶ ይማራል። የቅጠል ቆጠራችሁን በደብተር ይዛችሁ ለቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አሳዩ። የሚቀጥለውን ዓመት ተተኪ ቡቃያ የምትመርጡበትን ጊዜ በዚሁ መዝገብ ተመርታችሁ ትወስናላችሁ።