ለንግድ ሥራ የሚስማማ ፎቶግራፍ ስለ መምረጥ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው አንድ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ፎቶግራፍ ሲያስነሣ የትኛውን ዐይነት መምረጥ እንደሚገባው ነው። ነገሩን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቴ ኪሳራ ነው።

እናቴ በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ባለፈው ዓመት በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖሩ ወገኖቻችን ዕቃዋን በቴሌግራም ለማሳየት አስባ አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ቀጠረች። ሰውየው በሙያው የተመሰገነ ነው። ቀሚሱን ለአክስቴ ልጅ አስለብሶ፣ ማታ በቢጫ መብራት ሥር አቁሞ፣ ከኋላዋ ያለውን ሁሉ አደብዝዞ አነሣት። ጎረቤቱ ሁሉ «ሙሽራ መሰለች!» አለ። ነገር ግን ነጩ ቀሚስ ቅቤ መስሎ፣ አረንጓዴው ጥለት ወደ ቡኒ አድልቶ ታየ። አንዲት ገዢ ለእኅቷ ሠርግ አራት ቀሚስ አዝዛ፣ ዕቃው በደረሳት ጊዜ «ያዘዝሁት ይህን አይደለም» ብላ መለሰችው። የመላኪያውንም የመመለሻውንም ሒሳብ የከፈለችው እናቴ ናት። በዚያ ወር የእኔና የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ ዘገየ፤ ይህን መናገር አያሳፍረኝም።

ጥፋቱ የማን ነው? በአንሺው ላይ ለመፍረድ እቸገራለሁ። እኛ ያልነው «ጥሩ አድርገህ አንሣልን» ብቻ ነው። በአገራችን ፎቶግራፍ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን የሰው መልክ ነው፤ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት የሠራው የቦያጂያን ቤተ ሰብም ስሙን ያተረፈው በዚሁ ነው። ሰው መልኩ እንዲያምርለት ይከፍላል። ጨርቅ ገዢ ግን የሚሻው የጨርቁን እውነተኛ ቀለም ነው።

ጨርቅ የሚነሣው በቀን ብርሃን፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት በር አጠገብ ነው። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ፈትሉና ጥለቱ ጎልቶ ይታያል፤ ከፊት ሲመታው ግን ልሙጥ ይመስላል። በዚያ ላይ አምፖል ከበራ ቀለሙ ይበላሻል። ደግሞም ካሜራ በራሱ ሲለካ ያየውን ሁሉ እንደ መካከለኛ ግራጫ ይገምታል፤ ስለዚህ ነጭ ሸማ ፊቱን ሲሞላው አጨልሞ ያነሣዋል። አንሺው ይህን ዐውቆ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ አለበት። እንግዲህ ከመክፈላችን በፊት «ከዚህ ቀደም ያነሣኸውን ነጭ ጨርቅ አሳየን» ብንለው ኖሮ ነገሩ ወዲያው በታወቀ ነበር።

ለሁሉም ሥራ ይህ አይሆንም። ወደ ጠበቃ ወይም ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ሰውየውን አምኖ ነው፤ ስለዚህ የመልክ ፎቶግራፍ ለእነርሱ ተገቢ ነው። አናጢ እጁ በሥራ ላይ እንዳለ ቢነሣ ይሻለዋል። ባለ ሆቴል ደግሞ ጠባቡን ክፍል አዳራሽ በሚያስመስል ሌንስ ካስነሣ፣ እንግዳው በሩን የከፈተ ዕለት ጠብ አለ።

አሁን ቀሚሱን ከሱቁ በር ላይ ሰቅዬ በስልክ የማነሣው እኔ ነኝ፤ ሙሉውን፣ ጀርባውን፣ ጥለቱን ከቅርብ። ጎረቤቶች «ይህ ምን ያምራል?» እያሉ ይሥቁብኛል። ያች ገዢ ግን ባለፈው ወር እንደ ገና ሁለት አዘዘች፤ ዕቃው ደርሷት «ልክ ነው» የሚል መልእክት ልካለች። እናቴ የማታውን ፎቶግራፍ አልጣለችውም፤ የአክስቴ ልጅ ስታገባ ልትሰጣት አስቀምጣዋለች።