ሳይቃጠል በቅጠል፤ በውሃችን ላይ እንግዳ ነገር ስናይ ለማን እንናገር?

(ለዓሣ አጥማጆችና ለሐይቅ ዳር ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውሃችን ነው። ቀድሞ በውሃችን ያልነበረ ተክል ወይም እንስሳ ብቅ ሲል፣ መጀመሪያ ያየው ሰው ምን ማድረግ አለበት? ለማን ይናገር? እንዴትስ ይናገር? ይህ ትንሽ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን የዓሣ አጥማጁ መረብ፣ የገበሬው የግጦሽ መሬትና የልጆቻችን እንጀራ ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

መጤ ማለት ምን ማለት ነው?

እያንዳንዱ ውሃ የራሱ ነዋሪዎች አሉት። ዓሣው፣ ቀንድ አውጣው፣ ደንገሉ፣ ሣሩ ሁሉ ለብዙ ዘመን አብረው ኖረዋል። አንዱ ሌላውን ይበላል፤ አንዱ ለሌላው መጠለያ ይሆናል። ከሌላ ቦታ በሰው እጅ ወይም በሰው ዕቃ ተሸክሞ የመጣ እንግዳ ግን፣ በአዲሱ ቤቱ የሚበላው ጠላት ላይኖረው ይችላል። በዚህ ጊዜ ያለ ገደብ ይራባል። እንዲህ ያለውን እንግዳ መጤ ወራሪ እንለዋለን።

አንድ ፍጥረት በአገሩ ደኅና፣ በሰው አገር ወራሪ ሊሆን ይችላል። ናይል ፐርች የተባለውን ትልቅ ዓሣ እንውሰድ። በእኛው ጫሞና አባያ ሐይቆች ተወላጅ ነው፤ የሚጠላው የለም። ይኸው ዓሣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በሰው እጅ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገባ። እዚያ ግን የሐይቁን ትንንሽ ዓሦች እየበላ ብዙ ዝርያዎች እንዲጠፉ ምክንያት ሆነ። ስለዚህ “ይህ ነገር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?” ከማለታችን በፊት “ይህ ነገር እዚህ ነበረ ወይ?” ብለን እንጠይቅ።

የእምቦጭ ነገር

ከመጤዎች ሁሉ ለእኛ የታወቀው እምቦጭ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው። አበባው ስለሚያምር ሰዎች ለጌጥ እያሉ ወደ ብዙ አገር ወሰዱት። በአገራችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ መኖሩ ተመዘገበ። በጣና ሐይቅ ደግሞ በ2004 ዓ.ም፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011፣ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የመገጭ ወንዝ ከሚገባበት አካባቢ መኖሩ በይፋ ታወቀ።

እስቲ ሁለቱን ዓመታት እናቀናንስ። ከ2011 ላይ 1965 ሲቀነስ 46 ይቀራል። አረሙ በቆቃ ከተመዘገበ 46 ዓመት በኋላ ነው በጣና የተመዘገበው። አንድ ትውልድ ሙሉ ጊዜ ነበረ ማለት ነው። በቆቃ ያለው ሰው የሚያውቀውን የጣና ዳር ሰው እንዲያውቀው ካልተደረገ፣ ዕውቀት ብቻውን በእግሩ አይሄድም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አረሙ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ዳርቻ ተስፋፋ። ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሸፈነው። ከሥሩ ያለው ውሃ ብርሃንና አየር አጣ። ታንኳ መቅዘፍ፣ መረብ መጣል አስቸገረ። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ አረሙ በግጦሹና በእርሻው ላይ ተኝቶ ቀረ። ገበሬዎች እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ እየገቡ በእጃቸው ነቀሉ። ማሽኖች መጡ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም ለአንድ ወር የሚቆይ የነቀላ ዘመቻ ተጀመረ። ይህ ሁሉ ድካም የተደረገው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሰው ሊያወጣው ይችል ለነበረ ነገር ነው።

በእርሳስ እናስላ

እምቦጭ ሙቀትና ምግብ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ደብተራችሁን አውጡና አብረን እናስላ። ዛሬ አንድ እምቦጭ ቢኖር ከሁለት ሳምንት በኋላ 2 ይሆናል። ከአራት ሳምንት በኋላ 4፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ 8፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ 16። እንዲህ እያለ በ26 ሳምንት፣ ማለትም በግማሽ ዓመት፣ 8,192 ይደርሳል።

አንዱን በእጅ አንሥቶ ማውጣት ለሕፃን እንኳ አያቅትም። ስምንት ሺውን ለማውጣት ግን መንደሩ ሁሉ መውጣት አለበት። በዚህ ላይ ዘሩ በጭቃ ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል። አንድ ጊዜ አብቦ ዘሩን ካራገፈ፣ ላዩ ቢነቀል እንኳ ታቹ ይጠብቃል። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አንድ አረም፣ ሁለት ታሪክ

የመናገርን ጥቅም ለማየት በሩቅ አገር የሆነውን እንመልከት። ኮለርፓ የሚባል አረንጓዴ የባሕር አረም አለ። በመስተዋት ገንዳ ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች ለጌጥ ይይዙት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 በሜዲትራኒያን ባሕር፣ በሞናኮ ጠረፍ ታየ። ያን ጊዜ ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ነበር። አንድ ቁርበት ቢነጠፍ ይሸፍነዋል! ወዲያው ግን አልተነቀለም። ቆይቶም አደጋው ምን ያህል ነው፣ ኃላፊነቱስ የማን ነው በሚል ክርክር ተነሣ። ሰዎች ሲከራከሩ አረሙ ሥራውን አልተወም። በ2000 መጨረሻ በስድስት አገሮች ጠረፍ 131 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር ወለል ነክቶ ነበር።

በዚያው በ2000፣ በሰኔ ወር፣ ይኸው አረም በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርንያ፣ ካርልስባድ በተባለች ከተማ አጠገብ ባለ የባሕር ኩሬ ውስጥ ታየ። ያዩት የባሕር ሣር ለመመርመር ውሃ ውስጥ የገቡ ጠላቂዎች ነበሩ። “ምን አገባን” ብለው አላለፉም፤ ተናገሩ። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችም ተሰባሰቡ። አረሙ በታወቀ በ17 ቀን ውስጥ ማጥፋቱ ተጀመረ። በላዩ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ ዘርግተው ክሎሪን ጨመሩበት። ዳግመኛ እንዳይበቅል ለዓመታት ጠላቂ እየላኩ አስፈተሹ። በ2006 ፈጽሞ መጥፋቱ ተነገረ። ወጪው ከሰባት ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ብዙ ገንዘብ ነው፤ ግን ሥራው ተፈጸመ።

አረሙ አንድ ዓይነት ነው። ባሕሩም ባሕር ነው። ልዩነቱ ያየው ሰው ቶሎ መናገሩና የሰማው መሥሪያ ቤት ቶሎ መነሣቱ ነው።

የሚያየው ማን ነው?

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ይህን ሁሉ በየቀኑ ዞሮ የሚያይ የመንግሥት ሠራተኛ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። በየቀኑ የሚያዩት እናንተ ናችሁ። መረብ የሚጥለው፣ ደንገል የሚያጭደው፣ ከብት የሚያጠጣው፣ ውሃ የምትቀዳዋ እናት። የትኛው ዓሣ መቼ እንደሚመጣ፣ የትኛው ሣር የት እንደሚበቅል ታውቃላችሁ። ስለዚህ እንግዳ ነገር ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ የሚለየው የእናንተ ዓይን ነው።

ለምሳሌ እምቦጭን ከነባሩ የውሃ አበባ እንለይ። የውሃ አበባ ቅጠሉ በውሃው ላይ ጠፍጥፎ ይተኛል፤ ሥሩም ከታች ጭቃ ውስጥ ነው። እምቦጭ ግን ቅጠሉ ወደ ላይ ይቆማል፤ ያብረቀርቃል። አገዳው እንደ ስፖንጅ ያበጠና አየር የሞላበት ነው። ሥሩ እንደ ላባ ሆኖ በውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ነፋስ ወደ ገፋውም ይሄዳል። አበባው ወይን ጠጅ መልክ ያለው ሆኖ፣ በላይኛው ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው።

እንዴት እንናገር?

እንግዳ ተክል፣ እንግዳ ዓሣ ወይም እንግዳ ቀንድ አውጣ ስታዩ እነዚህን አምስት ነገሮች አድርጉ።

አንደኛ፣ ቦታውን ልብ በሉ። የወንዙን መግቢያ፣ የጎጡን ስም፣ በአቅራቢያ ያለውን ዛፍ ወይም ቤተ ክርስቲያን አስታውሱ።

ሁለተኛ፣ ቀኑንና መጠኑን ጻፉ። “ብዙ ነው” ከማለት “የአንድ ጎጆ ወለል ያህል ነው” ማለት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ስልክ ያለው ሰው ፎቶግራፍ ያንሣ። ስልክ ከሌለ አንዱን ተክል ከነሥሩ አውጥታችሁ ከውሃ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ አቆዩት። ቆራርጣችሁ ውሃ ውስጥ አትጣሉ፤ ቁራጩ ይበቅላልና። አበባው አማረኝ ብላችሁም ወደ ቤት አትውሰዱት።

አራተኛ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ተናገሩ። ዓሣ አጥማጆች በማኅበራችሁም በኩል ልትናገሩ ትችላላችሁ።

አምስተኛ፣ ማን እንደ ተቀበላችሁና በስንት ቀን መልስ እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ያዙ።

መጻፍ የተማራችሁ ሁሉ፣ ትምህርታችሁ ሥራ ላይ የሚውልበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። የቃል ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይለወጣል፤ ጽሑፍ ግን ይቆያል። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ይበቃል፦

“ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ በሐይቁ ዳር ስለ ታየ እንግዳ ተክል። ኅዳር 12 ቀን ከጧቱ በአንድ ሰዓት፣ ወንዙ ሐይቁን ከሚገናኝበት በስተቀኝ፣ ከትልቁ ዋርካ ፊት ለፊት፣ ቀድሞ አይተነው የማናውቀው ተንሳፋፊ ተክል አይተናል። ስፋቱ የአንድ አውድማ ያህል ነው። አበባው ወይን ጠጅ ነው። ናሙናውን በደረቅ ቦታ አቆይተነዋል። መጥታችሁ እንድታዩልን እናመለክታለን።” ከዚያም ስምና ፊርማ ነው። አንዱን ቅጂ እናንተ ዘንድ አስቀሩ።

አፍ የሚያስይዙ ሐሳቦች

አንድ አባት “ልጄ፣ ተናግሬ ነገሩ ምንም ባይሆን አይሳቅብኝም?” ይሉኝ ይሆናል። አይሳቅብዎትም፣ አባቴ። አሥር ጊዜ ተነግሮ ዘጠኙ ነባር ተክል ቢሆን፣ የጠፋው የአንድ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አሥረኛው ሳይነገር ቢቀር ግን የሚጠፋው ሐይቅ ነው።

ሌላው “አንተ ነህ ያመጣኸው ብባልስ?” ብሎ ይፈራል። የተናገረ ሰው እንደ ጥፋተኛ ከታየ ነገ ማንም አይናገርም። ስለዚህ ተናጋሪው እንደ ምስክር ይከበር እንጂ እንደ ተከሳሽ አይጠየቅ።

ሦስተኛው ደግሞ “ብንናገርም መልስ የለም” ይላል። ይህ ቅሬታ መልስ ይገባዋል። ደብዳቤ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚከት መሥሪያ ቤት ሕዝቡን ዝም ማለት ያስተምረዋል። መሥሪያ ቤቱም ግዴታ አለበት። የተነገረውን በመዝገብ ይጻፍ፤ ባለሙያ ልኮ ያስመርምር፤ ካቃተው በባሕር ዳር እንዳለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ያሉትን ይጠይቅ፤ ለተናገረው ሰውም “ያየኸው ይህ ነው፤ ያደረግነው ይህ ነው” ብሎ ይመልስለት። መልስ የዘገየባችሁ እንደ ሆነ በያዛችሁት ቅጂ ደግማችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው ተመላልሶ ቢታክት፣ አሥር ሰው ፈርሞ ይሂድ።

እስከዚያው ድረስ እኛም ተሸካሚ አንሁን። ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ስንሄድ መረባችንን፣ ጀልባችንንና የመስኖ ፓምፓችንን አጥበን፣ አድርቀን እንሂድ። የተነቀለውንም ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ ከምረን እናድርቀው፤ ከደረቀም በኋላ እናቃጥለው።

በጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። እነዚህ ዓሦች ቢጠፉ ከየትም ተገዝተው አይመጡም። ነገ ጧት ታንኳችሁን ስትገፉ ዓይናችሁ ከመረቡ ቀና ብሎ ዳርና ዳሩንም ይመልከት። ያልነበረ ነገር ካያችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ናይል ፐርች በጫሞ ተወላጅ፣ በቪክቶሪያ ግን መጤ የሆነው ለምንድን ነው?
2. አራት እምቦጭ በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ ቢሆኑ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ስንት ይሆናሉ?
3. በሞናኮና በካሊፎርንያ የተደረገው በምን ይለያያል?
4. በቀበሌያችሁ እንግዳ ነገር ቢታይ የሚነገረው ለማን ነው? ስሙንና ቢሮውን ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።
5. ከላይ ያለውን ደብዳቤ አይታችሁ፣ ስለ አንድ እንግዳ ዓሣ የሚናገር ደብዳቤ ጻፉ።