አቁሞ ማንሣትና ቆሞ መጠበቅ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ሠርግ ፎቶግራፍ እንድናገር ስጠየቅ፣ ነገሩን በጠቅላላው ከማውራት ይልቅ በአንድ አገር ላይ አስደግፌ ማስረዳቱ የተሻለ መስሎ ታየኝ። የመረጥሁትም ፍኖተ ሰላምና ቡሬን፣ በዙሪያቸው ያለውንም የምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው። ሙሽሮቹን ሳያስቆም፣ ዘመዱንም ሳያሰናዳ፣ ሠርጉን እንደ ዋለ አድርጎ የሚያነሣለት ሰው የሚፈልግ ቤተሰብ ማንን ይቅጠር? እኛስ በምን ችሎታችን ገንዘቡን እንቀበለዋለን?

አስቀድሜ ለአሮጌው ልማድ ጥብቅና ልቁም። በአገራችን የፎቶግራፍ ሙያ ሥር የሰደደው አቁሞ በማንሣት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያገለገለው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ የተከተሉት መንገድ ይህ ነበር፤ በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶችም ያንኑ ወረሱ። ቀጥ ብሎ፣ እጅን አሳርፎ፣ ወደ ካሜራው አተኩሮ መነሣት ሰው ለልጅ ልጁ ሊተወው የሚፈልገው ክብር ያለው መልክ ነው። በጎጃም ገጠር ያሉ አዛውንት ፎቶግራፍ ሲባል ዛሬም የሚጠብቁት ይህን ነው። ስለሆነም «እኔ ሰው አላቆምም» ብሎ የሚኩራራ ባለሙያ አያትየውን ያስቀይማል፤ ያስቀየማቸውም ሰው ቀኑን ሙሉ ፊት ይነሣዋል። ወላጆችን፣ አያቶችንና ሚዜዎችን በጧቱ ፈጠን ብሎ አቁሞ ያነሣ እንደሆነ ግን፣ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ይረሳዋል። እውነተኛው ሥራም የሚጀምረው ሲረሳ ነው።

ሳያስቆሙ ማንሣት በዓለም ላይ የተስፋፋው መሣሪያው በማነሱ ነው። ጀርመናዊው ኤሪክ ሳሎሞን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ኤርማኖክስ በተባለች፣ ብዙ ብርሃን በምታስገባ ትንሽ ካሜራ የመንግሥታትን ሹማምንት በስብሰባ መካከል ያነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበችው ላይካም ይህን አሠራር ለብዙዎች አዳረሰች። ዛሬ ከእነዚያ የሚበልጥ መሣሪያ በየሰዉ ኪስ ገብቷል። እንግዲህ ቤተሰቡ የሚከፍለው ለካሜራው ሊሆን አይችልም፤ የሚከፍለው ቀጥሎ የሚሆነውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ይህን በምሳሌ ላስረዳ። ሙሽሮቹ ከሙሽራይቱ ቤት ከመውጣታቸው በፊት ጎንበስ ብለው የወላጆችን ጉልበት ይስማሉ፣ ይመረቃሉ። ነገሩ የጥቂት ቅጽበት ነው። በዚያች ሰዓት ከሙሽሮቹ በስተኋላ የተገኘ ፎቶግራፍ አንሺ የሁለት ሰው ጀርባ ብቻ ይዞ ይመለሳል። ሥርዐቱን የሚያውቀው ግን ሽማግሌዎቹ ሲነሡ አይቶ፣ አስቀድሞ ከአባትየው ጎን ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ቀኑን ሙሉ ኮስተር ብለው የዋሉትን አባት ፊት ሲፈታ የሚያገኘው እርሱ ነው። «እባካችሁ አንድ ጊዜ ድገሙልኝ» ማለት በምርቃት ላይ አይቻልም። ከዚያም ሕዝቡ በእልልታና በጭብጨባ ሙሽሮቹን ተከትሎ ሲወጣ፣ እናት ብቻዋን ወደ ጓዳ ልትመለስ ትችላለች። እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ ቁርጥ ያለ ነው፤ ከበሩ ላይ የታየውን ማንሣት ይፈቀዳል፣ ጓዳ ድረስ ተከትሎ መግባት ግን አይፈቀድም። ሳያስቆሙ ማንሣት ማለት ሳያስፈቅዱ መስረቅ ማለት አይደለም፤ ስለ ጓዳውም ሆነ ስለ ለቅሶው አስቀድሞ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ይገባል።

ብርሃኑም የአገሩን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። ሠርጉ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባና ከትንሣኤ በኋላ ነው። ፍኖተ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ሚያዝያ 10 ቀን አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ በአናት ትቆማለች። በዚያ ሰሞን በ6 ሰዓት ደጅ የቆመ ሰው ዓይኑ በቅንድቡ ጥላ ይዋጣል። ዳሱ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ጨለማ ነው፤ በሰማያዊ ሸራ የተከደነ እንደሆነም የሰው ፊት ሁሉ የሸራውን ቀለም ይይዛል። ከሁሉ የሚከፋው ነጩ ልብስ ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ በሞላበት ቦታ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ጥቁሩ ፊታችንም ይበልጥ ይጠቁራል። ብርሃኑን ከመጠን በላይ የጨመሩለት እንደሆነ ጥለቱ ይነጣና ይጠፋል። ይህን ሳያስብ በእጁ የሚያስተካክል ሰው ብዙ ሠርግ ያየ ሰው ነው።

ታዲያ ከአዲስ አበባ ይምጣ ወይስ ከዚያው ይገኝ? መንገዱ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አድርጎ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህም ብዙ ጊዜ ቀጠሮ የሚያስከብር አልሆነም። የሩቁ ባለሙያ በመሣሪያ ይበልጥ ይሆናል፤ የፍኖተ ሰላሙ ወይም የቡሬው ግን የትኛዋ አክስት እንደምታለቅስ፣ የትኛው አጎት ዘግይቶ እንደሚመጣ ሊያውቅ ይችላል። እኔ ብጠየቅ ሁለተኛውን እቀጥራለሁ። በዳስ ላይ የሚያንዣብበውን የበረራ ካሜራ ደግሞ በዚያ አገር ባልደረቦቼ እንዲተዉት አጥብቄ እለምናለሁ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በደረሰ የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ከዚያ በኋላ በሰማይ የሚያጓራ ነገር ሲሰማ ሠርገኛው ወደ ላይ የሚያየው በምን ስሜት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም።

የቀረው የውል ነገር ነው። በሙያችን ውስጥ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ስሙ የታወቀው ሰው ይዋዋልና በሠርጉ ቀን ሌላ ልጅ ይልካል። ቤተሰቡ የሚያነሣውን ሰው ስም በውሉ ላይ ማስጻፍ ይገባዋል። ከመዋዋሉም በፊት የተመረጡ ሃያ ፎቶግራፎችን ሳይሆን የአንድ ሠርግ ሥራ ከጧት እስከ ማታ እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ ልምድና ዕድል የሚለዩት በዚያ ነው። ሙሽራውና ሙሽራይቱ በአንድ ጧት በተለያየ ቤት ስለሚሰናዱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ መልሱም የሚነሣ ከሆነ ቀኑ ይቆጠር። ሥራው በዚያው ሌሊት በሁለት ቦታ ይገልበጥ። ለሁለቱም ወገን ወላጆች በወረቀት የታተመ ፎቶግራፍ መስጠትም በውሉ ይግባ፤ በስልክ የተላከላቸው ስልኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋልና።