ስለ አንዲት የቃል ጭራ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጥቂት ወራት ሆነኝ፤ ጀርመኑም፥ ሆላንዱም፥ ስዊድኑም፥ እንግሊዙም ሳይማሩት ሊረዱት የሚችሉት አንድ ቋንቋ ለመሥራት እሞክራለሁ። አራቱም ቋንቋዎች የአንድ ዘር ልጆች ናቸውና ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሐሳቡ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ኢልያስ ሞሊ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ቱቶኒሽ ብሎ የሰየመውን እንዲህ ያለ ቋንቋ በመጽሐፍ አውጥቷል።

ሥራዬን የጀመርሁት በማፍረስ ነው። ጀርመንኛ የተማራችሁ እንደምታውቁት፥ ከስም በፊት የሚመጣ ቅጽል በጾታ፥ በቁጥርና በአገባብ እየተለዋወጠ አምስት ዓይነት ጭራ ያወጣል። ሁሉንም ጣልሁ። ተውሳከ ግሱም በጀርመንኛና በሆላንድኛ ብዙውን ጊዜ ያለ ምልክት ቅጽሉ ራሱ ስለ ሆነ፥ የእንግሊዝኛውን «ሊ» አላስገባሁም። ሰዋስዉ በአንድ ገጽ አለቀ፤ እኔም ኮራሁ።

ኩራቴ የቆየው «ኤን ሽሬክሊክ ሪክ ማን» ብዬ እስክጽፍ ነው። ለአንድ ጓደኛዬ ትርጉሙን እየነገርሁ ባነብለት፥ «አስፈሪው ሰውዬው ነው ወይስ የሀብቱ ብዛት?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ጀርመኑ ግን አይቸገርም። «ሽሬክሊሽ ራይሸር ማን» ሲል ከመጠን በላይ ሀብታም የሆነ ሰው ማለቱ ነው፤ «ሽሬክሊሸር ራይሸር ማን» ሲል አስፈሪም ሀብታምም የሆነ ሰው ማለቱ ነው። ልዩነቱ ያለው እኔ በጣልሁት ጭራ ላይ ነው። እንግሊዙ የቅጽሉን ጭራ ጥሏል፤ ነገር ግን «ቴሪብል» እና «ቴሪብሊ» ብሎ በተውሳከ ግሱ ይለያል። እኛስ «ክፉ» እና «ክፉኛ» እንል የለምን? እንግዲህ ጀርመኑ አንዱን ጥሎ ሌላውን ይዟል፤ እንግሊዙም እንዲሁ። ሁለቱንም የጣልሁ እኔ ነኝ። ዛሜንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ባወጣው ኤስፔራንቶ ለቅጽል «አ»፥ ለተውሳከ ግስ «ኤ» ሲሰጥ ይህ ሳይገባው አልቀረም።

ታዲያ የትኛው ይመለስ? «ሊ» ጥንት «አካል፥ መልክ» የሚል ትርጉም ከነበረው ቃል የመጣ ነው፤ ወንድሙ «ሊሽ» ግን በጀርመንኛ ቅጽል ይሠራል። ስለዚህ ተውሳከ ግስ ነው ብዬ ባስገባው ጀርመኑ ቅጽል ነው ብሎ ያነበዋል። የስዊድንኛው «ት» ደግሞ ለግዑዝ ጾታ ቅጽልም ያገለግላል፤ ስዊድኑ ራሱ «እጅግ ትልቅ ቤት» እና «አስፈሪ ትልቅ ቤት» ሲል አንዳንዴ በጽሑፍ መለየት ይቸግረዋል።

ስለዚህ በበኩሌ የቅጽሉን ጭራ መለስሁ፤ አምስቱን ሳይሆን አንዲት «ኤ» ብቻ፥ ያውም ከስም በፊት ሲመጣ። «ሽሬክሊክ ሪኬ ማን» ከመጠን በላይ ሀብታም፤ «ሽሬክሊኬ ሪኬ ማን» አስፈሪና ሀብታም። ጀርመኑም ሆላንዱም ይህቺን «ኤ» ከቤታቸው ያውቋታል፤ ስዊድኑም በ«አ» ምትክ ይቀበላታል ብዬ አስባለሁ።

እንግሊዙ ግን ሊማራት ግድ ነው። «ሳይማሩት» ያልሁት ቃል እዚህ ላይ ተሰበረ። ሠንጠረዡን ይዤ መጥቻለሁ፤ ጭራዋን ሳይመልስ ያንን ሀብታም ሰው ከአስፈሪነት የሚያድን ዘዴ ያለው ሰው ቢኖር፥ ከሻይ በፊት ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።