ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ስለምን ሆድ ያባባል?

(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ይኸውም «ለዓመቱ በዓል ኪቦርድ ይበቃናል፤ ክራሩና መሰንቆው ይቅር፤ የሚቃኛቸውም ሰው የለም» የሚል ነው። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ስለ አንድ የሙዚቃ ጓድ ጥቂት እንድናገር ፈቃዳችሁ ይሁን። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተመሠረተው በ1963 ነው። መሥራቹ በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው፥ በግብፅ አገር የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ነው። ከእርሱ በኋላ ጆን ኮ የተባለ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባል፥ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ተስፋዬ ለማ መሩት። ይህ ሁሉ የሆነው በሩቅ አገር አይደለም፤ እኛ ከየካ ቁልቁል ወርደን በምንደርስበት፥ በእንጦጦ ግርጌ በስድስት ኪሎ ነው።

በዚያ ዘመን በከተማው ገንኖ የሚሰማው የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሙዚቃ ነበር። መለከቱና ሳክስፎኑ መልካም ነው፤ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያስነሣል። ክራር ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሊሰማው የፈለገ ሰው ቀረብ ብሎ ይቀመጣል። መሰንቆም የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ሲፋቅ እንደ ሰው ድምፅ ያለቅሳል፤ ዘፋኙን ይከተለዋል እንጂ አይጫነውም። ሆድ የሚያባባው አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ ሙዚቃው አጠገባችን መጥቶ ያወራናል እንጂ ከሩቅ አይጮኽብንም።

ሁለተኛው ምክንያት መስማማቱ ነው። ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጡ መሣሪያዎችን ባንድነት ማስቀመጥ ቀላል ሥራ አይደለም። ዋሽንት ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ እንደ ክር ጠበቅ ላላ አይደረግም፤ ስለዚህ ዋሽንተኛው ረዘም አጠር ያሉ ብዙ ዋሽንቶች ይይዛል፥ ባለክራሩም ክሩን ከእርሱ ጋር ያስማማል። እምቢልታማ ከዚህ ይብሳል። ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው ሦስት ሰዎች ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉ ነው። ብቻውን የቆመ እምቢልተኛ ዘፈን የለውም። እኛ ማኅበር የምንል ሰዎች ይህን ልብ ብንል አይጎዳንም።

ሦስተኛው፥ ለተቀባይ ቦታ መተዉ ነው። ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ሲገባ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንዱ ያወጣል፥ ሌላው ይቀበላል፤ ተመልካች የሚባል የለም፤ ሁሉም ጨፋሪ ነው። የኦርኬስትራውም ሙዚቃ ይህን ጠባይ ከደጅ ወደ መድረክ ይዞት ወጣ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የራሳችንን ነገር ያከበርነው ፈረንጅ ካሳየን በኋላ ነው» ይላሉ። ነቀፌታው እውነት አለበት። አዝማሪ የሚለው ቃል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መሰደቢያ ነበር፤ እኔም ራሴ በልጅነቴ ክራር ይዤ ስገኝ ተቈጥቼበታለሁ። ነገር ግን ክሩን የሚመታው እጅ የማን ነበር? ቻርልስ ሳተን የተባለው አሜሪካዊ መሰንቆ የተማረው ከጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ተቀምጦ ነው። እንግዳው ተማሪ፥ አዝማሪው መምህር ሆነ። በ1969 ከጓዱ የተውጣጡት ተጫዋቾች ከዚሁ ሳተን ጋር «ብሉ ናይል ግሩፕ» ተብለው በአሜሪካ ዞሩ፤ ስመ ጥር በነበረው በኤድ ሰለቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ቀረቡ። እዚያም ወጣቱ ጊታር ይዞ ወዳያቶቹ ዘፈን የተመለሰበት ዘመን ስለ ነበረ፥ ስሜቱ ከስሜት ተገናኘ።

ጉድለቱንም መሸሸግ አይገባም። አዝማሪ ከሰሚው ፊት ቆሞ ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል፤ ይቀልዳል፥ ይነካል። አስቀድሞ ተጠንቶ በሚቀርብ የመድረክ ዜማ ውስጥ ይህ ነፃነት ይቀንሳል። ዳሩ ግን ጨርሶ ከመጥፋት የተሻለ ነው።

መጥፋቱ ደግሞ ተረት አይደለም። ጓዱ በ1975 ተበተነ። ተስፋዬ ለማም በ2013 በአሜሪካ አገር ዐረፈ። የቀሩት ቅጂዎች በ2007 ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ አልበም 23ኛ ቍጥር ሆነው ስለ ታተሙ ድምፁን ዛሬም እንሰማለን። ቅጂ ግን ክራር መቃኘት አያስተምርም። ትዝታን ከባቲ፥ ባቲን ከአምባሰል፥ አምባሰልን ካንቺ ሆዬ ለይቶ የሚያስይዘን ጆሮና ጣት ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ኪቦርዱ ይውጣ አልልም፤ ይኑር። የምለምናችሁ ክራሩ ከቁም ሣጥን እንዲወጣ ነው። በሳምንት አንድ ማታ የሚያስተምረን አንድ ያገር ሙዚቃ አዋቂ ይፈለግ፤ አበሉንም ከማኅበሩ ገንዘብ እንክፈል። «የሚቃኘው የለም» የተባለውም እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ መማሪያ ምክንያት እንጂ መተዊያ ምክንያት ሊሆን አይገባውም።